በአቡነ ዘበሰማያት የተለኩ ሁለት ኮምፒውተሮች

የቆየ ኮምፒውተር ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ አለ። ትንሽ የተቃጠለ አቧራ፣ ትንሽ የጋለ ፕላስቲክ፣ ትንሽም የሰው ካልሲ ነው። ካልሲው እንኳ የኮምፒውተሩ አይደለም። በእኛ ጊዜ ኮምፒውተር ያለበት ክፍል የሚገባው ጫማ ተወልቆ ስለነበር ሁለቱ ሽታዎች እኔ አፍንጫ ውስጥ ተጋብተው ቀርተዋል። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ መቅደስ ጓዳ ውስጥ የኖሩትን ሁለት ኮምፒውተሮች አውጥታ፣ አቧራቸውን ጠራርጋ፣ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስነሣቻቸው። እኔ ለባለቤቴ ለሞላ ሙት ዓመት የሚሆን ምስር እየለቀምሁ ነበር። ሽታው ሲመጣ እጄ ሰፌዱ ላይ ቀረ።

መቅደስ እዚሁ ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ለተማሪዎቿ ማሳየት የፈለገችው ነገር ነበር። ለእኔ ስታስረዳኝ እንደ ሕፃን ነው የምታስረዳኝ፤ ድሮ እኔም እንዲሁ አድርጌ ፊደል አስቆጥሬያት ስለነበር አልቀየማትም። ፕሮሰሰር ማለት ኮምፒውተሩ የሚያስብበት ክፍል ነው አለችኝ፤ ዊንዶውስ ደግሞ እሱን የሚያሠራው አለቃ ነው። አንዱን ሠራተኛ ለአሮጌ አለቃና ለአዲስ አለቃ ብንሰጠው በማንኛው ሥር ይፈጥናል? የምትለካው ይህንኑ ነው። ሁለቱ ማሽኖች ፕሮሰሰራቸው አንድ ስለሆነ አንዱ ላይ የድሮውን፣ ሌላው ላይ ከሱ በኋላ የመጣውን ጭናለች። እኔ ሣቅሁባት። ይህንን እኮ እኔና አባትሽ አንቺ ሳትወለጂ ለክተነዋል አልኋት። በምን ለካችሁት ብትለኝ በአቡነ ዘበሰማያት አልኋት። የማሾፍባት መስሏት ወደ ሥራዋ ዞረች።

አላሾፍሁም። ነገሩ የሆነው እትዬ ጥሩወርቅ ጽሕፈት ቤት ነው። ቤቱ ከመናኸሪያው ወደ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ በካሴት ቤቱና በልብስ ሰፊው መካከል ነበር። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ መስታወት በመስታወት የሆነ ፎቅ ቆሟል፤ ሥሩ ስልክ የሚሸጥበት ነው፤ ሳልፍ እንኳ በየት በኩል ደጃፉ እንደነበር ይጠፋብኛል። ያኔ ካሴት ቤቱ በር ላይ አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ነበር። ጠዋት የጀመረው ዘፋኝ ስለ ፍቅሩ ሲያለቅስ ውሎ ማታም ያችኑ ልጅ ያለቅስላታል፤ ጾም ሲገባ ደግሞ ያው ድምፅ ማጉያ ቆብ ያጠለቀ ይመስል መዝሙር ብቻ ይሆናል። በግራችን የልብስ ሰፊው መኪና ይንከተከታል። ሻይ በሳንቲም ነው፤ በሃምሳ ሳንቲም ከነዳቦው ጠጥቶ የሚወጣ አስተማሪ እንደ ጌታ ነበር። አንድ ገጽ በብር ከሃምሳ እንጽፋለን፤ አማርኛው ከእንግሊዝኛው ይወደዳል፤ ምክንያቱም አማርኛውን በደንብ የምትጽፍ አንዲት ሰው ነበረች፣ እሷም እኔ ስመኝ ነኝ። ይህን ስጽፍ ኩራቱ ዛሬም ደረቴን ሞቅ ያደርገዋል።

ሞቅ የሚያደርግ ነገር ደግሞ ያስፈልግ ነበር። ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ክረምትና በጋ አይልም። እኔ ወይን ጠጅ ሹራብ ነበረኝ፤ ክርኑ ሁለት ጊዜ ተጥፏል፤ የእጄ ጣቶች ብቻ እንዲወጡ አድርጌ እጅጌውን እስከ መዳፌ ጎትቼ ነበር የምጽፈው። ከገጠር አቤቱታ ሊያስጽፉ የሚመጡ ገበሬዎች ኮንጎ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ይገባሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ለኮምፒውተሮቹ በእጃቸው ዳንቴል ሠርተውላቸው ነበር፤ ጠዋት ዳንቴሉን ሲገልጡ ያማትባሉ፤ ማታ ሲያለብሱም ያማትባሉ።

እትዬ ጥሩወርቅ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በአንዲት የጽሕፈት መኪና ጀምረው ቤቱን ያቆሙ፣ ቁመተ አጭር፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበሩ። ሁለቱን ኮምፒውተሮች ከባሕር ዳር በአይሱዙ ሲያስመጡ ሠፈሩ ወጥቶ ነው ያየ። መንታ ነበሩ፤ መልካቸውም፣ ፕሮሰሰራቸውም አንድ። ሁለቱም ላይ የድሮው ዊንዶውስ ነበር፤ የአማርኛ መጻፊያውን ፕሮግራም እሱ ላይ ተማርሁ፤ ጣቶቼ እያንዳንዱ ፊደል የት እንደሚገኝ ዓይኔን ሳይጠይቁ ያውቁ ነበር። እኔ ከእብናት የመጣሁ፣ ሠላሳን ያለፍሁ፣ ያላገባሁ ሴት ነበርሁ። ወንድሜ እብናት ላይ ለአንድ የከብት ነጋዴ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ፣ «ሥራ አለኝ» በሚል አንድ ቃል ብቻ ነበር የቆምሁት። ሰውየው ክፉ አልነበረም ይላሉ። እኔ ግን አልፈለግሁትም፤ የፈለግሁት ያችን ወንበር ነበር።

ሞላ የመጣው ያኔ ነው። ጥገና ሠራተኛ ነው። መፍቻና ሽቦ የሞላ የቆዳ ቦርሳ አንግቶ ሐሙሲት ገበያ ሬዲዮ ሲጠግን ይውላል፣ እብናት ሄዶ የጽሕፈት መኪና ያቃናል፣ ወደ ደብረ ታቦር ሲመለስ እኛ ጋ ይገባል። ልጅነቱን የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያሳለፈ ነው። ኮቱ ከትከሻው ይሰፋል፣ ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ ያጥራል፣ ሣቁ ግን ልኩ ነበር። አንድ ቀን ባሕር ዳር ኮርስ ወስዶ አዲሱን ዊንዶውስ በሲዲ ይዞ መጣና አንደኛው ኮምፒውተር ላይ ለሙከራ ጫነው። አዲሱ ለፕሮሰሰሩ ይስማማዋል፣ ሥራ ያቀላጥፋል እያለ ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። የአዲሱ የአማርኛ መጻፊያ ግን ሌላ ነበር፤ ፊደሎቹ ቦታቸውን ለቀው ተበትነዋል። «ሰ» ስመታ «ቀ» ይወጣል። በገዛ እጄ ባዳ ሆንሁ።

ችግሩ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት መዓት ሳጥንና ጭረት ሆኖ መውጣቱ ነው። አንዴ የማኅበር ጥሪ እንዲያ ሆኖ ወጥቶ የማኅበሩ አለቃ ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና፣ ዓረብኛ ከሆነ ለእስላሞቹ ስጡ ብለው ጥለውት ሄዱ። እትዬ ጥሩወርቅ በአንድ ቤት አንድ ቋንቋ ነው የሚነገር አሉ። እኔ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብዬ ሁለቱንም እንዲያቆዩ ለመንኋቸው፤ እሳቸው እሱ እንጨት ለተረፈው ነው ብለው መለሱልኝ። ከመንገዱ በታች ሌላ ጽሕፈት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ የትምህርት ቤቶች ውጤት የሚሠራበት ወቅት ደርሷል፤ ቀድሞ ያደረሰ ሥራውን ይወስዳል። ስለዚህ ፈጣኑ ይግባ፣ ዘገምተኛው ይውጣ ተባለ። አዲሱ ከገባ፣ በአዲሱ መጻፍ የተማረች አንዲት ልጅ ከባሕር ዳር ልትመጣ ዝግጁ ናት። ሞላም ቦርሳውን አስቀምጦ በወር ደመወዝ ይቀጠራል፤ ይህን እትዬ በአፋቸው ነግረውታል። አሮጌው ከቆየ እኔ እቆያለሁ፣ እሱ ወደ መንገዱ ይመለሳል። ሁላችንም ይህን እናውቅ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ሻይ ስንጠጣ ዓይን ለዓይን አንተያይም።

እንዴት ይለካ? የግድግዳው ሰዓት ባትሪው ካለቀ ቆይቷል። የሞላ የእጅ ሰዓት ይቀድማል፣ የእኔ ይዘገያል። ሞላ ኮምፒውተሩ ራሱ ሰዓት አለው ቢል እትዬ ተከራካሪው ራሱ ምስክር ሊቆም ነው ወይ ብለው አሳፈሩት። እሳቸው ለምሳ እንቁላል የሚቀቅሉልን ጸሎት እየቆጠሩ ነበር። ለስለስ እንዲል ሲፈልጉ ጥቂት አቡነ ዘበሰማያት፣ ጠንከር እንዲል ሲፈልጉ ጨመር አድርገው ይደግማሉ፤ እንቁላሉም ከቀን ቀን አይለዋወጥም። የፍርዱን ቃል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። «ሰዓት የሰው ነው፤ ይቀድማል፣ ይዘገያል። አቡነ ዘበሰማያት ግን የጌታ ነው። ለሁሉም እኩል ነው» አሉ።

ማንም አልተከራከረም። አሁን ሳስበው እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚሳሳት የሚጸልይ ሰው ብቻ ነው። የእሳቸው እንቁላል የማይለዋወጠው ጸሎቱ እኩል ስለሆነ አልነበረም፤ ሁልጊዜ የሚደግሙት እሳቸው ስለሆኑ ነው። ለእኛ ግን ፍርዱ የሰሎሞን መሰለን። ለራሱ የሚያደላ እንዳይኖር ደግሞ እሱ ያንቺን ይቁጠር፣ አንቺ የሱን ቁጠሪ አሉኝ። ማሽኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ተማሪዎች ውጤት በሙሉ ደምሮ፣ አካፍሎ፣ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ደረጃ እስኪያወጣ ጥቂት ጸሎት የተደገመበት አሸናፊ ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዝናብ ቆርቆሮውን ሊጀምረው ሲል። ልብስ ሰፊው መኪናውን አቁሞ መጣ፤ የካሴት ቤቱ ልጅም ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። በመጀመሪያ የሞላ ኮምፒውተር፣ አዲሱ የተጫነበት፣ ተነካ። እኔ ቆጠርሁ። እናቴ እንዳስተማረችኝ ደገምሁ፤ ሳልሮጥም ሳልተኛም። ፍርሃቴ አፍጥኖኝ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ እስከሚገባኝ እንደ ወትሮዬ ነበርሁ። ከዚያ የኔው ተነካ፣ ሞላ ሊቆጥር ቆመ። አለቀልኝ አልሁ በሆዴ። ሞላ ጸሎት ሲያፈጥን አይጣል ነው። የቆሎ ተማሪ ቤት ያደገ አፍ ስለሆነ ለምሳችን ሲባርክ እኛ አንገታችንን ሳንደፋ እሱ አሜን ይል ነበር። በሱ አፍ የተቆጠረ ኮምፒውተር ከኤሊ ይዘገያል። እብናት ትዝ አለችኝ፤ የከብት ነጋዴው ፊት ትዝ አለኝ፤ ሹራቤን ይዤ የምወጣበት በር ታየኝ።

ሞላ ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ደረቱ ላይ አጣመረ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እያንዳንዷን ቃል እንደ ዕቃ እያነሣ እያስቀመጠ፣ ጀመረ። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አላውቅም ነበር። «ሲሳየነ» ላይ፣ የዕለት እንጀራችንን የሚለው ቦታ ሲደርስ፣ ያዘው፣ ረጋ አለበት፣ ሊለቀው አልፈለገም። በሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሳያውቁት ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰውየው ውድድሩን ረስቶ እውነት እየጸለየ ነው ብዬ አሰብሁ። ወደድሁት። ሴት ልጅ ጸሎት በሚደግም ሰው ድምፅ ልትማረክ ትችላለች ወይ ብትሉኝ፣ ትችላለች፤ እኔ እዚያ ቆሜ ተማርኬያለሁ።

አሮጌው በሁለት አቡነ ዘበሰማያት ቀደመ። እትዬ አንድ ጊዜ እልል አሉ። ሞላ ሲዲውን በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አስገባና በሁለት እጁ ጨብጦኝ እንኳን ደስ አለሽ አለኝ። ከዚያ ጫማውን አጥልቆ በዝናብ ወደ መናኸሪያው ወረደ፤ የሐሙሲት የመጨረሻ መኪና ሊያመልጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልተበላሸ ኮምፒውተር ሊጠግን መመላለስ ጀመረ። ገባችሁ መቼም። ጋብቻችን እንዳለፈ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደን ሰነበትን፤ «ሹራቧን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወለቀችው እዚያ ሙቀት ላይ ነው» እያለ ሰው ፊት ያሳፍረኝ ነበር። አዲሱ ዊንዶውስ እንደሆነ ጊዜውን ጠብቆ በየቤቱ ገባ፤ እኛም ጋ ገባ። እስከዚያ ድረስ ግን ሞላ የአዲሱን ፊደል አቀማመጥ ካርቶን ላይ ስሎ፣ ማታ ማታ ጣቶቼን እየያዘ አስተምሮኝ ነበር። ለመማር ጊዜ አገኘሁ። ከባሕር ዳር ልትመጣ የነበረችው ልጅ አልመጣችም። እትዬ አርጅተው ቤቱን ሲዘጉ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ገዛናቸው፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አልተነጋገርንም።

በቤታችን አንዲት ተረብ ነበረችኝ። ሞላ ስለ አዲስ ስልክ፣ ስለ አዲስ ምድጃ፣ ስለ አዲስ የድንች ዘር ባወራ ቁጥር «አሮጌው አሸንፎህ የለ?» እለዋለሁ። እንግዳ ቢኖርም አልተውም፤ ታሪኩን ከሥሩ ጀምሬ እነግርበታለሁ፤ እንዴት እንደተኩራራ፣ እንዴት እንደተሸነፈ፣ በዝናብ እንዴት እንደሄደ። እሱ አይቆጣም። ሁልጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ «እንኳንም አሸነፈ» ይላል። የመጨረሻ ሰሞን ባሕር ዳር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ አዲስ የመጣ መድኃኒት ሊሰጡት ሲሉ ፈገግ እንዲልልኝ ያችኑ ተረብ ደገምሁለት። እጄን ያዘኝ። «እንኳንም አሸነፈ፣ ስመኝ» አለኝ። ሽንፈቱን የሚቀበል ትልቅ ሰው ነው ብዬ ነበር የማስበው።

እንግዲህ ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለመቅደስ እያወራሁ ምስሬን ስለቅም እሷ ሥራዋን ጨረሰች። ያኔ እንደሠራነው ያለ ረጅም የተማሪ ውጤት አዘጋጅታ፣ ሁለቱንም ማሽኖች እኩል አስጀምራ፣ ደረጃ አስወጥታለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ የቀደመው አዲሱ ነው።»

አይሆንም አልኋት። ደግማ ለካች፤ አዲሱ ቀደመ። አንዱ ማሽን አርጅቶ ይሆናል ብዬ ስከራከር፣ ምስኪን፣ አሮጌውን ወደዚያኛው፣ አዲሱን ወደዚህኛው ገልብጣ እስክትጭን ምሳ ሰዓት አለፈ። አሁንም አዲሱ ቀደመ። ልዩነቱ ብዙ አይደለም አለችኝ፤ ፕሮሰሰሩ ያው ነው፤ ግን በምንም ተአምር አሮጌው በሁለት አቡነ ዘበሰማያት ሊቀድም አይችልም። የተሳሳተው አቆጣጠራችሁ ነው አለች። ከዚያ ጠየቀችኝ።

«ያንቺን ማን ነበር የቆጠረው?»

«አባትሽ።»

«አባዬ?» አለች፤ ሣቀች። «አባዬ ቆጥሮ? የአባዬ አቡነ ዘበሰማያት እኮ እጃችንን ሳንታጠብ ነበር የሚያልቅ።»

ሣቋ መሐል ላይ ቆመ። እኔም ሰፌዱን አስቀመጥሁ። በሱ አፍ የተቆጠረ ከኤሊ ይዘገያል ብዬ ፈርቼ አልነበር? ከዚያን ቀን በቀር፣ ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉም፣ ሞላ አቡነ ዘበሰማያትን ቀስ ብሎ ሲደግም ሰምቼው አላውቅም። ይህን ስንት ዓመት አብሬው ስበላ፣ በየማዕዱ ስሰማ፣ አንድ ቀን አላሰብሁትም። ደመወዙን፣ ስሙን፣ ዓይኑ የበራበትን አዲስ ነገር ሁሉ «ሲሳየነ» ላይ ቆሞ ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ደግሞ ዕድሜ ልኩን በሰው ፊት ተሸናፊ እያልሁ ተረብሁት። አንድ ቃል ተናግሮ ሊያቆመኝ ይችል ነበር፤ አልተናገረም። እንኳንም አሸነፈ ነው ያለኝ።

አለቀስሁ። መቅደስ መጥታ አቀፈችኝ፤ እሷም አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ፣ አባቷን ለመከላከል ይሁን እኔን ለማጽናናት እንጃ፣ ምናልባት ያን ቀን ከልቡ መጸለይ ፈልጎ ይሆናል አለች። እኔም ከልቡ ነው የጸለየው አልኋት።

ለተማሪዎቼ የማሳየውን ወረቀት እንዴት ልጻፈው አለችኝ። እውነቱን ጻፊ አልኋት፤ አዲሱ ፈጣን ነው ብለሽ ጻፊ፤ አባትሽም ሲናገር የነበረው ይህንኑ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ለመንኋት። አሮጌውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደገና አስጀምሪልኝ አልኋት። ዓይኔን ጨፈንሁ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣመርሁ፤ የጋለው አቧራ ይሸተኛል። ሞላ እንደደገመው፣ ቃሉን እያነሣሁ እያስቀመጥሁ ደገምሁ፣ አንዱን ጨርሼ ሌላውን ጀመርሁ። ኮምፒውተሩ ሥራውን ጨርሶ ዝም ሲል ሰማሁት፤ መቅደስም «አለቀ፣ እማ» አለችኝ። እኔ ገና «ሲሳየነ» ላይ ነበርሁ። አልቸኮልሁም።